ባለጸጋው ጎልማሳ ስለ ምን አዝኖ ሄደ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 19 ከቍጥር 16 እስከ 26 ባለው ቃል ላይ፥ የሐይቅ እስጢፋኖስን ነገር ምስክር አድርጎ የተጻፈ ሐተታ።

አባቶቼና ወንድሞቼ ካህናት ሆይ፤ ከመሳፍንትና ከመኳንንት ወገን ተወልዳችሁ መጻሕፍትን የምትመረምሩ ሆይ፤ ይህን ሐተታ የጻፍሁት አዲስ ትምህርት ላመጣ ወድጄ አይደለም። በአገራችን በሐይቅና በአምባሰል ይህ የወንጌል ክፍል በተነበበ ጊዜ፥ በዐውደ ምሕረትም ሆነ በተዝካር ዳስ፥ ሁለት ዓይነት ትርጓሜ ሲነገር እሰማለሁ። አንዱ ባለጸጋውን በከንቱ ያጽናናዋል፤ ሁለተኛው ድኻውን በከንቱ ያስመካዋል። ሁለቱም ሰሚውን ከቃሉ ፊት ያሸሹታል እንጂ ወደ ቃሉ አያቀርቡትም። ስለዚህ ሁለቱን መርምሬ፥ ከዚያም ሀብትን መሻት ከመንፈሳዊ ሕይወት ጋራ የሚጣላው በምን ስፍራ እንደ ሆነ ለመናገር ወደድሁ። እኔም ከሁለቱ ትርጓሜ በአንዱ የበደልሁበት ቀን አለና፥ እርሱን በስፍራው አልሸሽግም። ዓመታቱን በፈረንጆች ቍጥር ጽፌአለሁ፤ ባገራችን ቍጥር በጻፍሁ ጊዜ ግን ዓመተ ምሕረት ብዬ አመለክታለሁ።

ንባቡና ሰውዬው

አንድ ሰው ወደ ጌታችን ቀርቦ የዘለዓለምን ሕይወት ለማግኘት ሊያደርገው የሚገባውን በጎ ሥራ ጠየቀ። ትእዛዛትን እንዲጠብቅ በነገረው ጊዜ ሁሉን እንደ ጠበቀ መለሰ፤ ደግሞም የጐደለው ምን እንደ ሆነ ጠየቀ። ጌታም ያለውን ሸጦ ለድኾች እንዲሰጥና መጥቶ እንዲከተለው አዘዘው። ሰውዬውም ይህን በሰማ ጊዜ አዝኖ ሄደ፤ ብዙ ጥሪት ነበረውና።

ይህ ሰው ማን ነው ቢሉ፥ ሦስቱን ወንጌላውያን አጋጥሞ ማየት ይገባል። ማቴዎስ ጎልማሳ መሆኑን ይነግረናል። ሉቃስ በምዕራፍ 18 ቍጥር 18 መኰንን እንደ ነበረ ይገልጻል። ማርቆስም በምዕራፍ 10 ሮጦ መጥቶ በጌታ ፊት እንደ ተንበረከከ፥ ጌታም ተመልክቶ እንደ ወደደው ይጨምራል። እንግዲህ ሦስቱ ባንድነት ሲነበቡ፥ ሰውዬው ወጣት፥ ሹም፥ ትጉህ፥ በጌታ ዘንድም የተወደደ ነው። ድኻ ገፍቶ ገንዘብ እንዳከማቸ የተጻፈበት ቃል የለም። ነገሩ የወንበዴ ፍርድ አይደለም፤ የደግ ሰው ፈተና ነው። ይህንን ያላስተዋለ ሰው፥ ቃሉ ለሌላ ለክፉ ባለጸጋ የተነገረ ይመስለዋል፤ ራሱንም ከነገሩ ያወጣል።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። ማርቆስ በቍጥር 19 ጌታ ለሰውዬው ከቈጠረለት ትእዛዝ መካከል ማቴዎስና ሉቃስ ያልጻፉትን አንድ ቃል ጽፏል፤ የሌላውን ሰው ድርሻ በተንኰል እንዳያስቀር የሚከለክል ነው። የጽርእን ቋንቋ የሚያውቁ መምህራን ይህ ቃል የሠራተኛን ዋጋ ማስቀረትንም እንደሚያጠቃልል ይናገራሉ። ለምን ይህን አነሣህ ቢሉ፥ ኋላ እንመለስበታለንና ነው።

የፊተኛው ትርጓሜ

የፊተኛው ትርጓሜ የተነሣው በቍጥር 24 ከተነገረው ከግመሉና ከመርፌው ቀዳዳ ነው። በኢየሩሳሌም ቅጥር የመርፌ ቀዳዳ የሚባል ጠባብ በር ነበረ፤ ግመል በዚያ ሲደርስ ጭነቱን አራግፎ ተንበርክኮ ይገባ ነበር፤ እንዲሁም ባለጸጋ ጥቂት ከመጸወተና ራሱን ዝቅ ካደረገ ይገባል ይላሉ። ትርጓሜው ለጆሮ የጣፈጠ ነው። ነገር ግን በጌታ ዘመን እንዲህ ያለ በር ስለ መኖሩ የጥንት ምስክር አልተገኘለትም። ወሬው የታየው ከጌታ ዘመን ብዙ መቶ ዓመታት ካለፉ በኋላ፥ በአውሮፓ በመካከለኛው ዘመን በተጻፉ መጻሕፍት ነው።

ሌሎች ደግሞ ግመል የተባለው ወፍራም የመርከብ ገመድ ነው ይላሉ። ይህንን ቅዱስ ቄርሎስ ዘእስክንድርያ ተናግሮታልና ከበሩ ይልቅ ክብር ይገባዋል፤ በጽርእም የሁለቱ ስም ባንዲት ፊደል ብቻ የሚለያይ ነው። ነገር ግን ገመድ ቢሆንስ ምን ይቀልላል? የመርከብ ገመድም እንደ ግመል ሁሉ በመርፌ ቀዳዳ አይገባም። ቄርሎስ ምሳሌውን ለወጠ እንጂ ነገሩን አላቀለለም። እኛ ግን የአባቶችን ቃል ተበድረን ለባለጸጋ ትራስ እናደርገዋለን።

ይህ ትርጓሜ ስሕተት ለመሆኑ የውጭ ምስክር ባይኖር እንኳ፥ ምዕራፉ ራሱ በቂ ነው። ደቀ መዛሙርቱ ይህን በሰሙ ጊዜ እጅግ ደንግጠው፥ እንግዲያ የሚድን ማን እንደ ሆነ ጠየቁ። ነገሩ ግመል ነጂ ሁሉ ዕለት ዕለት የሚያደርገው ቢሆን፥ የሚደነግጥ ማን ነበር? ጌታም ድንጋጤያቸውን አላቃለለላቸውም፤ በሰው ዘንድ የማይቻል መሆኑን አጸናው፤ በእግዚአብሔር ዘንድ ግን ሁሉ እንዲቻል ተናገረ። በበሩ ትርጓሜ ግን የሚያድነው የግመሉ ጕልበት ነው፤ የእግዚአብሔር ኃይል ምንም ሥራ አልቀረለትም። ስለዚህ ትርጓሜው ባለጸጋውን የሚያጽናና መስሎ፥ የመዳኑን ተስፋ ከእግዚአብሔር እጅ አውጥቶ በራሱ ጉልበት ላይ ይጥለዋል።

የሁለተኛው ትርጓሜ

ሁለተኛው ትርጓሜ ሀብት ራሱ ኃጢአት ነው፥ ባለጸጋ ሁሉ ውጉዝ፥ ድኻ ሁሉ ጻድቅ ነው የሚለው ነው። ይህ ከፊተኛው ይልቅ የጸና ቢመስልም እንደ ፊተኛው ቃሉን ያመልጣል። አብርሃም ባለጸጋ ነበረ። የጌታን ሥጋ በአዲሱ መቃብር ያኖረው የአርማትያሱ ዮሴፍ ባለጸጋ መሆኑን ያው ማቴዎስ በምዕራፍ 27 ይናገራል። ዘኬዎስም የሀብቱን እኩሌታ ለድኾች ሊሰጥ፥ በተንኰል የወሰደውንም አራት እጥፍ ሊመልስ በተነሣ ጊዜ፥ ጌታ የቀረውንስ ብሎ አልጠየቀውም፤ መዳን ለቤቱ እንደ ሆነ መሰከረለት።

ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ጢሞቴዎስ በጻፈው በፊተኛው መልእክት በምዕራፍ 6 ነገሩን አጥርቶ ለይቶታል። በቍጥር 9 የሚናገረው ባለጸጋ ለመሆን ስለሚፈልጉ ሰዎች ነው፤ እነዚህን በወጥመድ እንደሚወድቁ ያስጠነቅቃቸዋል። በቍጥር 17 የሚናገረው ባለጸጎች ስለ ሆኑት ነው፤ እነዚህን እንዳይታበዩና ለመስጠት የተዘጋጁ እንዲሆኑ ያዛቸዋል። ማስጠንቀቂያው ለፈላጊው፥ ትእዛዙ ለያዡ ነው። እንግዲህ ባዶ ጎተራ ያለው ድኻ በልቡ ሙሉ ጎተራ ሲሠራ ቢያድር ከቍጥር 9 አያመልጥም። እኛም ካህናት ጥሪት የለንምና ይህ ቃል አይነካንም የምንል፥ በዚሁ ስፍራ እንያዛለን።

እኔ በቆሎ ተማሪነቴ ዘመን ከደጅ ወደ ደጅ ስዞር፥ ከባልቴት ቤት እፍኝ ቆሎ፥ ከባለጸጋም ቤት ሙሉ እንጀራ አግኝቻለሁ። አንድ ባለጸጋ ገበሬ ነበረ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የተማሪ ድርሻ አስለይቶ ያስቀምጥ ነበር፤ እኛም በደረስን ጊዜ ለምነን ሳይሆን የራሳችንን እንደሚቀበል ሰው ተቀብለን እንሄድ ነበር። ያንን ሰው ውጉዝ የሚል ትርጓሜ ቢመጣ፥ ሆዴ ይከራከረዋል።

ስለ ልብ መራቅና ስለ እጅ መዘርጋት

በሁለቱ ትርጓሜ መካከል ቀለሜንጦስ ዘእስክንድርያ በ200 ዓመት ገደማ የጻፈው አንድ መጽሐፍ ቆሟል፤ የሚድነው ባለጸጋ ማን እንደ ሆነ የሚመረምር ነው። ትምህርቱም በአጭሩ፥ ከሁሉ አስቀድሞ መጣል የሚገባው የገንዘብ ፍቅር ነው፤ ሰው ሁሉ ባዶ እጁን ቢቀር የተራበውን የሚያበላ ከየት ይገኛል የሚል ነው። ትምህርቱ መልካም ነው። ነገር ግን አንድ አደጋ አለበት፤ ልቤ ከገንዘቤ የራቀ ነው የሚል ሰው ምስክሩ ማን ነው? ልብን የሚያይ እግዚአብሔር ብቻ ነውና፥ ስስታም ሁሉ በዚህ ጥላ ሥር ሊጠለል ይችላል።

ስለዚህ ከቀለሜንጦስ ጋራ አባ እንጦንስን ማንበብ ይገባል። ቅዱስ አትናቴዎስ እንደ ጻፈው፥ እንጦንስ ገና ወጣት ሳለ፥ በ270 ዓመት ገደማ፥ በቤተ ክርስቲያን ቆሞ ይህንኑ የማቴዎስን ቃል ሰማ። ከአባቶቹ የወረሰው 300 አሩራ የሚሆን ለም መሬት ነበረው፤ አሩራ የግብጽ የመሬት ልክ ነው። መሬቱን ለመንደሩ ሰዎች ሰጠ፤ የሚንቀሳቀሰውንም ንብረት ሸጦ ለእኅቱ ጥቂት አስቀርቶ ለድኾች አካፈለ። ጎልማሳው አዝኖ የሄደበትን ቃል፥ እንጦንስ ደስ ብሎት ሄደበት። ሁለቱን አንድ የሚያደርጋቸው ምንድር ነው ቢሉ፥ ቀለሜንጦስም የተራበው እንዲበላ፥ እንጦንስም ድኻው እንዲቀበል ማየታቸው ነው። የልብ መራቅ ምስክሩ የተቀባዩ እጅ ነው።

የሐይቅ ምስክር

አሁን ነገሩን ከእስክንድርያ ወደ ደጃችን እናምጣው። ሐይቅ እስጢፋኖስ በዐፄ ድልናዖድ ዘመን በ9ኛው መቶ ዓመት እንደ ተመሠረተ በትውፊት ይነገራል። አባ ኢየሱስ ሞዓ ከደብረ ዳሞ መጥቶ ከ1248 እስከ 1292 ገዳሙን መራ፤ ትምህርት ቤቱንም እጅግ አስፋፋ፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከደቀ መዛሙርቱ አንዱ ነበር። በ1270 ዐፄ ይኵኖ አምላክ በነገሠ ጊዜ ለቤተ ክርስቲያን ሲሦ እንደ ተሰጠ የሚነገረው ቃል ኪዳን ከዚህ ዘመን ጋራ የተያያዘ ነው። የሐይቅም መምህር ዐቃቤ ሰዓት ተብሎ በቤተ መንግሥት ካህናት መካከል ከፍ ያለ ማዕርግ ያዘ።

ቃል ኪዳኑን ማን ተቀበለ በሚለው ነገር ግን መጻሕፍት ይለያያሉ። ገድለ ኢየሱስ ሞዓ ክብሩን ለሐይቅ ይሰጣል። ብዕለ ነገሥት የተባለው ጽሑፍ፥ የነገሥታት ሀብት ማለት ነው፥ ለተክለ ሃይማኖት ይሰጣል። ሁለቱም ከነገሩ ብዙ ዘመን ቆይተው የተጻፉ ናቸው። እኔ በዚህ ክርክር ፈራጅ አይደለሁም፤ ነገር ግን ክርክሩ ስለ ምን እንደ ሆነ ማስተዋል ይገባል። ኢየሱስ ሞዓ አስተማሪ፥ ተክለ ሃይማኖት ተማሪ ለመሆናቸው ማንም አልተጣላም። ጠቡ የተነሣው ሲሦውን ያስገኘ ማን ነው በሚለው ነው። የሁለት መነኮሳትን ፍቅር ሀብት ገብቶ የሁለት ደብሮች ክርክር አደረገው።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጥ ምስክር ግን በገዳሙ ዕቃ ቤት አለ። በ1280 ወይም በ1281 የተጻፈ፥ የኢየሱስ ሞዓ ሥዕል ያለበት፥ እርሱም ለገዳሙ የሰጠው አራቱ ወንጌል ነው። በአገራችን ልማድ መሬትና ስጦታ በወንጌል ባዶ ገጽ ይጻፍ ነበር፤ የሚሽረውም እንዲወገዝ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን ይታሰር ነበር። በዚህም ወንጌል የመሬትና የስጦታ ጽሑፎች ገብተውበታል። እንግዲህ ያለህን ሽጠህ ስጥ የሚለው ትእዛዝና ይህ መሬት የገዳሙ ነው የሚለው ማስታወሻ ባንድ ጥራዝ ውስጥ ጎረቤት ሆነው ይኖራሉ።

አንዳንዱ ይህን አይቶ፥ አባቶች መሬታቸውን በወንጌል ቅጥር አስጠበቁ ብሎ ይሣለቃል። ሌላው፥ በወንጌል ስለ ተጻፈ መሬቱ ተቀደሰ ይላል። እኔ ግን ከሁለቱም አይደለሁም። ወንጌል ለመሬቱ ዘበኛ ሆኖ የተቀጠረ የሚመስለው ይታለላል፤ አብሮት በተጠረዘው ነገር ላይ ሁሉ ዳኛ ነውና። መሬቱን በወንጌል የጻፈ ሰው፥ አውቆም ይሁን ሳያውቅ፥ መሬቱን ለማቴዎስ ምዕራፍ 19 ፍርድ አሳልፎ ሰጥቶታል።

ተቃውሞና መልስ

ጉልት ባይኖር ትምህርት ባልኖረም፤ ለአንድ ወንጌል የስንት ፍየል ሌጦ ተፍቆ ብራና ይሆናል፤ ቀለሙ፥ ድጉሱ፥ የጸሐፊው ድርጎ ከየት ይመጣ ነበር ብሎ የሚቃወም ይኖራል። እውነት ነው፤ መጽሐፍ በጾም ብቻ አይጻፍም። እኔም የዚያ ትምህርት ፍሬ ነኝና የበላሁበትን ወጪት አልሰብርም። ነገር ግን ሲሦው ከንጉሥ እጅ ተሰጠ ቢባልም፥ የተሰፈረው ከገበሬው አውድማ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ገዳሙ ሀብት ነበረውን አይደለም፤ ገበሬው በሰፈረው እህል ገዳሙ ማንን አበላበት የሚለው ነው።

ለዚህ ጥያቄ መልሱ በገዳሙ ስም ተጽፏል። እስጢፋኖስን ሁላችን ቀዳሜ ሰማዕት፥ በድንጋይ የተወገረ ብለን እናውቀዋለን፤ አስቀድሞ የተሾመበትን ሥራ ግን እንረሳለን። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 እንደ ተጻፈ፥ ከጽርእ ወገን የሆኑ ባልቴቶች በየዕለቱ ከሚታደለው ምግብ ስለ ተዘነጉ ማንጐራጐር ሆነ። ሐዋርያትም ማንጐራጐሩን እንደ ነውር አልቈጠሩትም፤ መንፈስ ቅዱስና ጥበብ የሞላባቸውን ሰባት ሰዎች በሕዝቡ አስመርጠው በማዕዱ ላይ ሾሙ። የመጀመሪያው እስጢፋኖስ ነው። መንፈስ ቅዱስ የሞላበት ሰው የተፈለገው አስቀድሞ ለስብከት አልነበረም፤ ከባልቴቶች አንዲቱ እንኳ ሳትበላ እንዳትቀር ለመቈጣጠር ነበር። እንግዲህ በእስጢፋኖስ ስም የቆመ ቤት ሀብት ቢኖረው በስሙ ላይ ነቀፋ አይሆንም፤ የተዘነጋች ባልቴት በደጁ ብታንጐራጕርና የሚሰማት ብታጣ ግን፥ ስሙ ራሱ ይከስሰዋል።

ይህን የሚያህል ግሣጼ በአባቶቻችን መካከልም አልጠፋም። በዐፄ ዓምደ ጽዮን ዘመን፥ ከ1314 እስከ 1344፥ በዐምሐራ የተነሣው አባ በጸሎተ ሚካኤል ማዕርግ በገንዘብ እንዳይሰጥ ጳጳሱን ራሱን እስከ መገሠጽ ደርሷል። እንዲህ ያለ አንደበት የሚኖረው ከጳጳሱም ከንጉሡም ምንም ለማይጠብቅ ሰው ነው።

የቀረውና የሄደው

በ1520 በአገራችን ያለፈው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ሐይቅን አይቶ ስለ መነኮሳቱ ብዛትና ስለ ሎሚው ስለ ትርንጎው ጽፏል፤ ወደ ገዳሙም በደንገል ታንኳ ይሻገሩ እንደ ነበር ይነግረናል። ዛሬ ስፍራው ከየብስ ጋራ ተያይዟልና በእግር ይገባል፤ ያን ጊዜ ግን በደንገል ታንኳ ብዙ ዕቃ ጭኖ መሻገር አይቻልም ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በኢማም አሕመድ ዘመቻ የገዳሙ ወርቅና ንዋይ ተወሰደ። መሬቱ ግን እስከ እኛ ዘመን ቆየ።

በ1965 እና በ1966 ዓመተ ምሕረት በወሎ ራብ ጸና። ሰው ከቈላው እየወጣ በአውራ ጎዳናው ዳር ወደቀ። አማርትያ ሴን የተባለው የኢኮኖሚ ሊቅ በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ፥ በዚያ ዓመት የአገሪቱ እህል ያን ያህል እንዳልጐደለ፥ በደሴም ገበያ የእህል ዋጋ እጅግ እንዳልናረ፥ የጠፋው የገበሬው መግዣ እንደ ነበረ አስረድቷል። እህል ነበረ፤ ባልቴቷ ተዘነጋች። በዚያ ጊዜ መሬት ከባለርስቱም ከቤተ ክርስቲያኑም እጅ ገና አልወጣም ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓመተ ምሕረት የገጠር መሬት ሁሉ በዐዋጅ የሕዝብ ሀብት ሆነ፤ ሲሦ የሚለውም ቃል ታሪክ ብቻ ሆኖ ቀረ። ይህ የእግዚአብሔር ቅጣት ነው ብዬ አልፈርድም፤ ፍርድ የእርሱ ነው። የሁለቱን ዓመታት መቀራረብ ግን ሳላስታውስ ይህን ምዕራፍ አላነብም።

ወርቁ ሄደ፤ መሬቱ ሄደ። የቀረው ኢየሱስ ሞዓ የሰጠው መጽሐፍ ነው። አስተውሉ፤ የቀረው የተሰጠው ነው።

ከሐይቅ ዓይናችንን ወደ አምባሰል ብናነሣ፥ ደግሞ ለመሳፍንት ወገን የሚሆን ሌላ ትምህርት አለ። ዛሬ መስከረም 21 ቀን ምእመናን ለግማደ መስቀሉ በረከት የሚወጡበት የግሸን አምባ፥ ከ13ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ እስከ 1540 ገደማ የነገሥታት ልጆች የሚጠበቁበት ግዞት ነበር። እነዚያ ልጆች የመንግሥት ወራሾች ነበሩ፤ ነገር ግን ወራሽነታቸው እስረኞች አደረጋቸው፤ የነገሠውም ወንድማቸው ጠባቂያቸው ሆነ። ርስት ሲፈለግ ወንድም የወንድም ዘበኛ ይሆናል። በዚያው አምባ ላይ መስቀሉ መኖሩ ደግሞ፥ አንዱ ስፍራ የስስትም የነጻነትም ሰገነት ሊሆን እንደሚችል ያሳየናል።

የራሴ በደል

አሁን ቃሌን እፈጽማለሁ። ከብዙ ዓመታት በፊት ካንድ ባለጸጋ ነጋዴ ቤት ለተዝካር ተጠርቼ ሄድሁ። ሰውዬው ለደብራችን ጣራ የሚሆን ቆርቆሮ ሊሰጥ ተስፋ ሰጥቶን ነበር። ከምሳ በኋላ ትምህርት እንድሰጥ ታዘዝሁ፤ የዕለቱም ነገር ይኸው የማቴዎስ ምዕራፍ ሆነ። ባለቤቱ ከፊቴ ተቀምጧል። እኔም የጠባቡን በር ትርጓሜ መርጬ ተናገርሁ፤ ግመሉን አንበረከክሁት፤ ጭነቱን አራገፍሁለት፤ አስገባሁት። ትርጓሜው ምስክር የሌለው መሆኑን ያን ጊዜም አውቅ ነበር። ቤቱ ሁሉ ቃለ ሕይወት ያሰማልን አለ፤ ባለጸጋውም ደስ አለው።

ስወጣ ከዳሱ ውጪ አንድ ሰው ቆሞ አገኘሁ። የግቢውን የድንጋይ አጥር የካበ የቀን ሠራተኛ ነው፤ ዋጋውን ሊቀበል ከጧት ጀምሮ ይጠብቃል፤ ትምህርቱንም ከውጪ ሆኖ ሰምቶ ኖሯል። እጄን ተሳልሞ እንዲህ አለኝ፦ «አባቴ፥ ግመሉ ሲገባ ጭነቱን አራግፏል ብለው አስተማሩን። የእኔ የሁለት ወር ዋጋ ግን ገና ከጭነቱ ላይ አለ።» ተመልሼ ልገባ አንድ እርምጃ ተራመድሁ። የቆርቆሮው ነገር ታወሰኝ። እግዚአብሔር ያውቃል ብዬው ሄድሁ።

በዚያ ቀን አዝኖ የሄደው ባለጸጋው አልነበረም፤ እኔ ነበርሁ። ጥሪት አልነበረኝም፤ የሰው ጥሪት ተስፋ ነበረኝ። ጳውሎስ በቍጥር 9 የጠቀሰው ሰው እኔ ሆኜ ተገኘሁ። ቆርቆሮው ለቤተ ክርስቲያን ነው፥ ለሆዴ አይደለም ብዬ ራሴን ለማጽናናት ሞከርሁ፤ ነገር ግን ቃሉ የተሸጠው ለምንም ይሁን፥ ተሽጧል። ያን ሠራተኛ ኋላ ፈልጌ አላገኘሁትም።

ማጠቃለያ

እንግዲህ ሀብትን መሻት ከመንፈሳዊ ሕይወት ጋራ ይጣላልን ለሚለው ጥያቄ ያገኘሁት መልስ ይህ ነው። ሀብት ባሪያ ሆኖ ማዕዱን ሲያቀርብ አይጣላም። ሀብት መምህር ሆኖ መጽሐፉን ሲተረጕም ይጣላል። ጎልማሳው ቢያዝንም ቃሉን አልለወጠም፤ ከባድ መሆኑን አምኖ ሄደ። ከእርሱ የሚብሰው፥ ሳይሄድም ሳይሸጥም ቃሉን አለስልሶ የሚቀመጥ ነው።

ስለዚህ ሀብት ያለው ሁሉ፥ ሰውም ይሁን ደብር፥ ሦስት ነገር ይመርምር። ፊተኛው፥ ይህ ከማን አውድማ ተሰፈረ፤ ያልተከፈለ ዋጋስ በውስጡ አለን የሚል ነው። ሁለተኛው፥ በማዕዱ ላይ እስጢፋኖስ ተሹሟልን፤ የተዘነጋችውስ ባልቴት ብታንጐራጕር የሚሰማት አለን የሚል ነው። ሦስተኛው፥ በዚህ ሀብት ፊት መምህሩ የወንጌሉን ቃል ሳያጐድል ሊናገር ይችላልን የሚል ነው። ሦስቱን መመለስ የሚችል ሀብት ብዙ ቢሆን አያስፈራም፤ መመለስ የማይችል ጥቂት ቢሆንም ከግመል ይወፍራል።

ባለጸጎች ሆይ፥ ከእኛ ከካህናት ሰፊ በር አትለምኑ፤ ብንሰጣችሁም የእኛ በር ወደ መንግሥተ ሰማያት አያደርስም። ስጦታችሁን ወደ ቤተ ክርስቲያን ከማምጣታችሁ አስቀድሞ የሠራተኛችሁን ዋጋ ክፈሉ። ካህናት ሆይ፥ የምንቀበለውን ገንዘብ ሒሳቡን በምእመናን ፊት እናንብብ፤ የሕንፃውን ጕልላት ስናስረዝም በጥላው የሚራበውን የአብነት ተማሪ አንርሳ፤ ቆርቆሮ ቢቀርብን በሣር ክዳን እንቀድሳለን፤ ቃሉ ቢቀርብን ግን የምንቀድሰው የለንም።

የማይቻለውን የሚቻል የሚያደርግ እግዚአብሔር፥ ለዘኬዎስ የሰጠውን ደስታ ለባለጸጎቻችን፥ ለእስጢፋኖስ የሰጠውን ጥበብ ለመጋቢዎቻችን፥ ለእኔም ለበደለኛው ያን ቀን ያጣሁትን አንደበት ይስጠን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር። አሜን።